ከቱሉዝ እስከ ባሕር በካናል ዳር፦ ዳገት ለለመደ የጅማ ሳይክለኛ ሜዳው እንዴት ነው?

አዌቱ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው። በመስከረም ለማስተርስ ቱሉዝ እገባለሁ፣ ደቡብ ፈረንሳይ ማለት ነው። ከዚያ ከተማ ተነስቶ እስከ ሜዲትራኒያን የሚሄድ ካናል ዱ ሚዲ የሚባል በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ መንገድ አለ፣ 240 ኪሎ ሜትር። ዳር ዳሩን በሳይክል መሄድ ይቻላል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ካርታውን ሳገላብጥ ነበር የማመሸው። አሁን ቪዛው ወጥቷል፣ ልቤ ቀድሞኝ ሄዷል።

ሳይክል ለኔ አዲስ አይደለም። ከመንደራ ዩኒቨርሲቲ የምመላለሰው በሱ ነው። ሲመቸኝ ሰርቦ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ጅሬንንም ሳልወርድ እወጣለሁ። ዕቃ ጭኜ ቀናት የፈጀ ጉዞ ግን አላውቅም። የምነግረው ሰው ሁሉ «ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን አለበት» ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ያው ሜዳነቱ ነው። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ዓይነት ውሃና አንድ ዓይነት ዛፍ እያዩ መሄድ አይሰለችም? ሴት ልጅ ብቻዋን ብትሄድስ? ምን ዓይነት ሳይክል ይሻላል? ምግቡስ? የነዳችሁበት ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ። ረጅም ጻፉ፣ አነባለሁ።

የመንደራ ልጅ ቱሉዝ

የሰፈሬ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔም መንደራ ነው ያደግሁት፣ አሁን ኑሮዬ ቱሉዝ ነው። ካናሉ ከቤቴ ሁለት መታጠፊያ ቢሆን ነው። ረጅም ጻፉ ብለሻል፣ እሺ።

በመጀመሪያ «ሜዳ ምን አለበት» የሚለውን ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪው። ከጅሬን ስትወርጂ እግርሽ ያርፋል። ነፋሱ ላብሽን ያደርቀዋል፣ ወገብሽ ይፍታታል። ካናል ዳር ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም። እግርሽ ማዞር ካቆመ ሳይክሉም ይቆማል። ቀኑን ሙሉ አንድ አቀማመጥ፣ አንድ ማርሽ፣ አንድ ፍጥነት። ስለዚህ ቀድሞ የሚያመው ጭን አይደለም። መቀመጫ ነው፣ መዳፍ ነው፣ አንገት ነው። ዳገት እንደ ጉድ የሚወጡ ልጆች እዚህ መጥተው በሁለተኛው ቀን ኮርቻ ላይ መቀመጥ ሲያቅታቸው አይቻለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀለል ያለ ማርሽ ይዘሽ እግርሽን ፈጠን አድርጊ። በየግማሽ ሰዓቱ ከኮርቻው ብድግ በይና ጥቂት ቆመሽ ንጂ። መሪው ላይ የእጅሽን ቦታ ቀያይሪ። ለመውረድና ለመራመድ እስክትደክሚ አትጠብቂ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። እዚህ ስም የወጣላቸው ሁለት ነፋሶች አሉ። ኦታን የሚሉት ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ሴርስ ደግሞ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው። ወደ ባሕር ስትሄጂ ሴርስ ከኋላ ይገፋሻል፣ ኦታን ፊት ለፊት ይገትርሻል። ኦታን በተነሳ ቀን ያ ሜዳ ጫፍ የሌለው ዳገት ነው የሚሆነው። ትንበያ ስታዪ ዝናቡን ብቻ አትመልከቺ፣ የነፋሱንም አቅጣጫ እዪ። አንድ ቀን ብትጠብቂ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል።

ይሰለቻል ወይ ላልሽው፣ ውሃውን እያየሽ ከሄድሽ አይሰለችም። ከቱሉዝ ስትወጪ ውሃው ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ኤክሉዝ የሚሉትን ታገኛለሽ፣ ፊትና ኋላው በር የሆነ የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባ ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል። ከዚያ የላይኛው በር ላይ ያሉት ትናንሽ መክፈቻዎች ይከፈቱና ውሃው እየተንፏፏ ይገባል፣ ጀልባው ከነሰዎቹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል። ከላይኛው ውሃ ጋር ሲስተካከል በሩ ይከፈትለትና ይሄዳል። አንዱን ቆመሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ሳይሆን ሞላላ መሆኑንም ልብ በይ። ሥራው ሲጀመር ቀጥ ብሎ የታነጸ ግድግዳ ስለተደረመሰባቸው ነው እንዲህ የቀየሩት፣ ሞላላው የአፈሩን ግፊት ይችላል።

የምትወጪው ዳገት በየኤክሉዙ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት። እንዲህ እያልሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄጂ ኖሩዝ ትደርሻለሽ። የካናሉ ጣሪያ እሱ ነው፣ ከባሕር ወለል 189 ሜትር። ከቱሉዝ ተነስተሽ እስከዚያ የወጣሽው 60 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ1,700 ሜትር በላይ ለኖረ የጅማ ሳንባ ትንፋሹ ችግር አይሆንም።

ኖሩዝን ግን እባክሽ ዝም ብለሽ እንዳታልፊው። የካናሉ ምስጢር ያለው እዚያ ነው፣ ጊዜ ሳገኝ እመለስበታለሁ።

የፈረንጅ አራዳ ጎሚስታ

እህቴ እኔ ፈረንሳይን አላውቅም፣ ሳይክል ግን አውቃለሁ። የዛፍ ሥር ያለበት የአፈር መንገድ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ ቀጭን ጎማ ይዘሽ እንዳትሄጂ። 38 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ያዢ። ነፋሱንም ድንጋይ እስኪሆን አትሙዪው፣ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ እሺ ማለት አለበት። በጣም ከደረቀ ሥሩ ላይ እያነጠረ የቸርኬውን ሽቦ ይሰብርብሻል። የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ያውም በማርሹ በኩል ነው፣ ክብደቱ እዚያ ስለሚያርፍ።

ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሪ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሁለት ፈልጊ። ውሃ ሙዪና ከኋላ ግራና ቀኝ እሰሪያቸው፣ 10 ኪሎ ማለት ነው። እስከ አፉ ሙዪው፣ ጎደሎ ከሆነ ውሃው እየዋለለ ሳይክሉን ያወላግደዋል። ዝቅ አድርገሽ እሰሪው። ከኮርቻው ኋላ ከፍ ብሎ ከታሰረ ፊተኛው ጎማ ይቀልና መሪው አይታዘዝሽም። ብሬክ ስትይዢም እንደ ድሮው መስሎሽ እንዳትዘናጊ፣ ጭነት ያለው ሳይክል ቶሎ አይቆምም።

ቦሳ ቂጦ 07

ሰዎች፣ ቅር እንዳይላችሁ። ለፈረንሳይ ካናል ይሄን ያህል ስንጽፍ እዚህ ጅማ ውስጥ አንድ ሳይክለኛ ከባጃጅና ከሲኖትራክ ተጋፍቶ ነው ቤቱ የሚገባው። እነሱ 240 ኪሎ ሜትር ሠርተው ለሳይክል ሰጡ፣ እኛ 2 ኪሎ ሜትር የለንም። ይሄ ጉዳይ የሚያናድደው እኔን ብቻ ነው?

የመንደራ ልጅ ቱሉዝ

ወንድሜ ቦሳ ቂጦ፣ ንዴትህ ንዴቴ ነው። አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ያ መንገድ ለሳይክል አልተሠራም። ጀልባዎቹ ሞተር አልነበራቸውም፣ ፈረሶች ናቸው ከዳር ሆነው በገመድ የሚጎትቷቸው። ዳሩ የተደለደለው ለፈረሶቹ ነው። ሜዳ የሆነውም ውሃ ሜዳ ስለሆነ ነው። ጭነቱ በባቡርና በመኪና መሄድ ሲጀምር መንገዱ ባዶውን ቀረ፣ ሳይክለኛው ያገኘው እሱን ነው። ዛሬም ሁሉም ቦታ የተመቸ እንዳይመስልህ። ከቱሉዝ እስከ ፖር ሎራጌ አካባቢ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አፈርና ጠጠር ይሆናል። መንገድ ላይ ከምታገኛት ከካርካሶን ከተማ በኋላ ደግሞ አንድ ሳይክል ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ፣ ሥር የበዛበት ቦታ አለ። ጎሚስታው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ወደ ባሕሩ በኩል ያለችው ከተማ ቤዚዬ ስትቃረቢ እንደገና ጥሩ ይሆናል።

አሁን ወደ ኖሩዝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አትላንቲክንና ሜዲትራኒያንን በውሃ ማገናኘት ከጥንት ጀምሮ የታሰበ ነገር ነበር። ችግሩ መሃል ላይ ከፍታ አለ። ከፍታው ላይ ካናል ብትቆፍሪ ውሃው ወደ ሁለቱም ወገን ወርዶ ያልቃል። አንድ ጀልባ ኤክሉዝ ባለፈ ቁጥር አንድ ገንዳ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ታዲያ ጫፉ ላይ በጋውን ሙሉ የማይነጥፍ ውሃ ከየት ይምጣ? መልሱን ያገኘው ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የቤዚዬ ሰው ነው። መሐንዲስ አልነበረም፣ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። በስተሰሜን ካለው ጥቁር ተራራ ከሚሉት ቦታ የሚወርዱትን ጅረቶች በየተራራው ወገብ ቦይ እያስያዘ ሰበሰባቸውና ኖሩዝ ላይ አወረዳቸው። ለበጋ ማጠራቀሚያ የሚሆን ሳን ፌሬዮል የተባለ ግድብም አሠራ። ንጉሡ ሉዊ 14ኛ በ1666 ፈቀደ፣ ካናሉ በ1681 ተከፈተ። ሪኬ የሞተው በ1680 ነው፣ ምርቃቱን አላየም።

ኖሩዝ ላይ ቆመሽ ያ ከተራራው የመጣ ውሃ ሲገባ ታያለሽ። ከፊሉ ወደ አትላንቲክ፣ ከፊሉ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። እስከዚያ ውሃው ወደ አንቺ ሲመጣ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አብሮሽ ይወርዳል። ሜዳ መስሎሽ የመጣሽው መንገድ ሁሉ ተሰልቶ የተሠራ መሆኑ የሚገባሽ ያኔ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ የሚነዳ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። 240 ኪሎ ሜትር ዛፍ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

የጅሬን ሰው

ልጆች፣ ተባረኩ። ዘመናዊውን ነገር ብዙ ባላውቅም ሳነባችሁ አመሸሁ። እኔ የጅሬን ሰው ነኝ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጎረቤት። ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ በፈረንጅ ከ1878 እስከ 1932 ነው ጅማን የገዙት። ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ሔርማታ ገበያ ይወርድ ነበር። ዛሬ አስፋልት የለበሰው መንገድ ብዙው በእነዚያ እንስሳት ኮቴ የተጠረገ ነው። እና የፈረሶቹን ነገር ሳነብ ወዲያው ገባኝ። እዚያም እዚህም መንገድ የወጣው ጭነት ስላለ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ካናል ማን ቆፈረው? ባለቤቱን ነገራችሁን፣ ዶማ የያዘውንስ?

የመንደራ ልጅ ቱሉዝ

ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሥራው በደራበት ጊዜ 12,000 ያህል ሠራተኛ ነበር። በዶማና በአካፋ ነው፣ አፈሩን በቅርጫት ተሸክመው። ከነሱ መሃል ብዙ ሴቶች ነበሩ። ሪኬ ሠራተኛ እንዳይሸሸው በዘመኑ ከነበረው የተሻለ ይከፍል ነበር፤ እሁድና በዓል ያርፉ ነበር፣ ዝናብ ሥራ ባስቆመበት ቀንም ደሞዛቸው አይቀርም። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጭነቱ ስንዴና ወይን ነበር፣ ተሳፋሪና ፖስታም። በ1857 ከቦርዶ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ሲዘረጋ ነው ካናሉ መዳከም የጀመረው።

ዳኑቤ ዳር (ቪየና)

አዌቱ ማዶዬ፣ የሴት ልጁን ጥያቄ ወንዶቹ ስላለፉት እኔ ልመልሰው። እኔ አጋሮ ተወልጄ ጅማ ነው የተማርኩት፣ አሁን የምኖረው ቪየና ነው። በዳኑቤ ዳር ብቻዬን እነዳለሁ። ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው አስፋልት። አያቶች፣ ሕፃን በተጎታች የጫኑ እናቶች፣ ሁሉም ይነዳሉ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ማንም ዞር ብሎ አያይም። ካናል ዱ ሚዲም በቀን እንደዚያው ነው፣ እህቴ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ።

ጥንቃቄዬ አንድ ነው። ከጨለማ በፊት ማደሪያሽ ግቢ። ይሄ ለኛ ሰው ቀላል ይመስላል፣ ጅማ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነውና የሚመሸው። እዚያ ግን ቀኑ ይለዋወጣል። ቱሉዝ በሰኔ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው። በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ፀሐይ ትገባለች። ስለዚህ በሰኔ የምትጨርሺውን መንገድ በኅዳር እጨርሳለሁ ብለሽ አታቅጂ። ከተማ መውጫና መግቢያ ላይ ካናሉ በድልድይ ሥር ያልፋል፣ ማታ ማታ እዚያ አይመከርም። ለአንድ ሰው የት እንደምታድሪ በየቀኑ ጻፊ። በቃ።

ስለ መሰልቸቱ ደግሞ፣ ወንዝ ከካናል ይለያል። ካናል ሰው ያለውን ይሰማል። ወንዝ አይሰማም። ፓሳው ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የጎርፍ ምልክቶች አሉ፣ በፈረንጅ 2013 ውሃው 12 ሜትር ከ89 ደርሶ ነበር፣ ከ1501 ወዲህ እንደዚያ አልሆነም። ምልክቱ ሥር ቆሜ ቀና ስል አንገቴ ነው የታመመው። ዋኻው የሚባለው ሸለቆ ከሜልክ እስከ ክሬምስ ድረስ ነው። ወይን፣ አፕሪኮት፣ ገዳም፣ ዱርንሽታይን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ የታሰረበት ፍርስራሽ ግንብ። እዚያ ቀስ ብለሽ ካልነዳሽ ኃጢአት ነው። ሊንዝን አልፈሽ ደግሞ ማውትሃውዘን አለ፣ የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ፣ ቢያንስ 90 ሺህ ሰው ያለቀበት። እስረኞቹ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡት 186 ደረጃ አለ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፣ ሳይክለኛ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። እኔ ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም።

መልኮ ሰፈር

እኔ ሥራዬ ከቡና ችግኝ ጋር ስለሆነ ስለ ዛፎቹ ልናገር። ካናሉ ዳር የነበሩት ፕላታን የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ናቸው፣ 42,000 ያህል። ለጥላ ብቻ አይደለም፣ ሥራቸው ዳሩን ያጠብቃል፣ ቅጠላቸው ውሃው እንዳይተን ያግዛል። በፈረንጅ 2006 ካናሉ ላይ የፈንገስ በሽታ ተገኘባቸው። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ቆርጦ ማቃጠል ብቻ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ፎቶ ላይ ያየሽው ያ ጥላ አንዳንድ ቦታ የለም፣ ፀሐዩ በቀጥታ ነው፤ ኮፍያና ውሃ እንዳይቀርሽ።

በሽታው የሚገባው በቁስል ነው። ጀልባ ዛፉ ላይ በገመድ ሲታሰር ልጡ ይላጣል፣ በዚያ ይገባል። በውሃውና በመቁረጫ መሣሪያም ይዛመታል። ይሄን ሳነብ ቡናችን ነው ትዝ ያለኝ። ቡናን ከላይ እስከ ታች የሚያደርቀው በሽታም ፈንገስ ነው፣ የሚገባውም ሥሩን በገጀራ ስንመነጥር ግንዱን ስናቆስለው ነው። አንዱን ቡና ነክቶ ሳይጸዳ ወደ ሌላው የሚሄድ ገጀራ ማሳውን ይጨርሳል። ገበሬዎቻችንን ዕለት ተዕለት የምንለምነው «ከግንዱ ሥር ያለውን በእጅ ንቀሉት» ብለን ነው። እዚያም ያው ነው። ሳይክልሽን ፕላታን ላይ በሰንሰለት አትሰሪ፣ ልጡን አትፋቂ፣ ስምሽን አትጻፊ። አሁን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ትተው የተለያየ እየቀላቀሉ ነው፣ በሽታውን የሚቋቋም የፕላታን ዝርያም አውጥተዋል። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። የኛም እነ 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የተመረጡት የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጅ 1971 ከገባ በኋላ ነው።

አዌቱ ማዶ

ምን ልበላችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልኮ ሰፈር፣ የቤተሰቦቼ ማሳ ጎማ ነው፣ የገጀራውን ነገር ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት።

ሦስት ነገር ቀረኝ። ምግቡ (ሙስሊም ነኝ)፣ ሳይክሉን እዚያ ልግዛ ወይስ ይዤ ልሂድ፣ ከባሕሩስ እንዴት ልመለስ?

የመንደራ ልጅ ቱሉዝ

ምግብ፦ ካስቴልኖዳሪ ስትደርሺ ካሱሌ ብይ ይሉሻል። ነጭ ባቄላ ነው፣ ግን ውስጡ ዳክዬና የአሳማ ሥጋ አለበት፣ ተይው። ዳቦ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ በየመንደሩ አለ። የሚቸግረው ሰዓቱ ነው። የገጠር ሱቅ በኛ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፣ እሁድ ከሰዓት ጭራሽ የለም። ጠዋት ገዝተሽ ጫኚ። ቱሉዝ ውስጥ ሐላል ሞልቷል፣ ለመጀመሪያው ቀን ከዚያ ያዢ።

ሳይክል፦ ይዘሽ አትምጪ፣ እዚህ ያገለገለ ግዢ። ከ2021 ጀምሮ ሱቅ የሚሸጠው ሳይክል ላይ ቁጥር ተቀርጾ ይመዘገባል። ቁጥር የሌለውን ከመንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጥልሽን ሰው እለፊው፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

መመለሻ፦ ቤዚዬ፣ ናርቦን፣ ካርካሶን፣ ቱሉዝ አንድ ሐዲድ ላይ ናቸው። የክልል ባቡሮቹ ሳይክል ሳይፈታ ይጭናሉ፣ ቦታው ግን ውስን ነው፣ ቀደም ብለሽ ድረሺ። ይሄ ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ ነፃነት ነው። ከደከመሽ ካርካሶን ላይ አቁመሽ በባቡር ትመለሻለሽ፣ ሌላ ጊዜ ከዚያው ትቀጥያለሽ። ግንቧን ግን ሳታዪ እንዳትሳፈሪ፣ 52 ማማ አላት። ካናሉ መጀመሪያ ከተማዋን አይነካም ነበር፣ በ1810 ነው አዙረው ያስገቡት።

የምለምንሽ የመጨረሻውን ክፍል እንዳትሮጪበት ነው። ቤዚዬ ከመድረስሽ በፊት ማልፓ አለ። ኮረብታውን በስተው ካናሉን በሥሩ አሳልፈውታል፣ ከ160 ሜትር በላይ ዋሻ ነው፣ ጀልባ እንዲያልፍበት ከተቆፈሩት በዓለም የመጀመሪያው። ሳይክልሽን እዚያ ቆልፈሽ አንሴሩን የሚባለው ኮረብታ ላይ ውጪ። ከላይ ሞንታዲ ይታያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ውሃው የተመጠጠ ረግረግ ነው፣ ቦዮቹ ከዳር ወደ መሃል ይገባሉ፣ መሬቱ ክብ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ውሃው መሃል ተሰብስቦ በዋሻ ይወጣል። ካናሉ ከመምጣቱ 400 ዓመት በፊት ገበሬዎች ያሰቡት ነገር ነው። ከዚያ ፎንሴራን አለ፣ ኤክሉዞች ተደራርበው ጀልባውን 21 ሜትር ተኩል የሚያወርዱበት። ከሱ ወዲያ ባሕሩ አንድ ቀን አይሞላም።

ቦሳ ቂጦ 07

ሞንታዲን ፎቶ ላይ አየሁት። ደነገጥኩ። እኛም ቦዬ አለን እኮ። የአዌቱ ውሃ ወርዶ ቦዬ ይገባል፣ ከዚያ ጊልጌል ጊቤ። ሜዳ ነው። የሳር ተሸካሚዎችና የከብት መንገድ ዳር ዳሩን አለ። አንድም ቀን በሳይክል ዞሬው አላውቅም፣ የምናስበው ሁሌ አስፋልቱን ነው። አዌቱ ማዶ፣ ጀሪካኑን ጭነሽ እዚያ ተለማመጂ፣ እኔም አብሬ እወጣለሁ።

የጅሬን ሰው

ልጄ፣ ቦዬ በጠዋት ጥሩ ነው። ነገር ግን ጉማሬ አለበት፣ አመሻሽ ላይ ሳር ሊግጥ ይወጣል። ከ10 ሰዓት በኋላ ውሃው ዳር እንዳትቆዩ። ከውሃውና ከጉማሬው መሃል መግባት ሞት ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃው አያስኬድም። ጡብ የሚሠሩት ልጆች የቆፈሩት ጉድጓድ በየቦታው አለ፣ ውሃ ሲሞላ አይታይም። እነሱን ጠይቃችሁ እለፉ፣ መንገዱን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዳኑቤ ዳር (ቪየና)

ይሄ ክር የት ጀምሮ የት ደረሰ! ቦሳ ቂጦ፣ የነዳችሁበትን በስልክ እየመዘገባችሁ ካርታ ላይ አስቀምጡት። በነፃ ካርታዎች ላይ የእግር መንገዱን ራሳችሁ መሳል ትችላላችሁ። እዚህ ብዙ መንገድ የታወቀው እንደዚያ ነው። ጋሼ ያሉትን ጉድጓድና ጉማሬ የሚወጣበትንም ምልክት አድርጉበት።

አዌቱ ማዶ

ጋሼ ስለ ምክርዎ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጠዋት ብቻ ነው የምንሄደው። ቅዳሜ ይመቸኛል። ጎሚስታው፣ ጀሪካን አግኝቻለሁ፣ ማሰሪያውን ግን በምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

የፈረንጅ አራዳ ጎሚስታ

በገመድ አትሰሪው፣ ይላላል። ያረጀ የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጬ እሰጥሻለሁ፣ ሲለጠጥ ነክሶ ይይዛል። ዓርብ ማታ ሳይክሉን አምጪው፣ የኋላውን ሽቦ አጠብቅልሻለሁ፣ ፍሬኑንም አያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሱቁ በር ላይ ተገናኙ። ቦሳ ቂጦም ጎማህን ሞልተህ ና፣ ፓምፕ እኔ እይዛለሁ። ከ4 ሰዓት በፊት እንመለሳለን፣ ሱቅ መክፈት አለብኝ።